ሃዋና ቃጭል የዋጠው ኮረብታ

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ። የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ፊደሎቼ እንደ ፍየል ወዲያና ወዲህ ይበተናሉ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴንም ገና መጨረሴ ነው። የቱ «ሀ» የት እንደሚገባ እስካሁን ይምታታብኛል። ስህተት ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ አርሙልኝና ለምታስተኙት ልጅ ማንበባችሁን ቀጥሉ።

ታሪኩ የሃዋ ነው። ሃዋ ማለት እኔ ነኝ፣ ትንሽ ሳለሁ። ግን «እኔ፣ እኔ» እያልኩ ስጽፍ አፍራለሁ፤ ስለዚህ ሃዋ እላታለሁ።

ልጁ ተመቻችቶ ተጋደመ? እግሩ ተሸፈነ? እንግዲያው እንሂድ፤ መንገዱ አሸዋ ነው።

በአፋር፣ በጣም በሚሞቅ ሰፊ ሜዳ ላይ፣ አንድ የግራር ዛፍ ነበረ። አንድ ብቻ! በዙሪያው ሌላ ጥላ የለም።

ከግራሩ አጠገብ የሃዋ ቤት ነበረ። ከቀጫጭን እንጨትና ከሰሌን የተሠራ፣ እንደ ተደፋ ሳህን ክብ የሆነ ቤት። የሠራችው የሃዋ እናት ናት።

ጠዋት በግራሩ ጥላ ፍየሎች ይተኛሉ። ቀትር ላይ ሃዋ ትተኛለች። ከሰዓት በኋላ እንግዳ ከመጣ እንግዳው ይቀመጣል።

ሃዋ አንዲት ግልገል ግመል ነበረቻት። ስሟ ዳማ ነው። ቀጭን አንገት፣ ረጃጅም እግርና በጣም ረጅም ሽፋሽፍት ነበራት።

የሃዋ አባት ለዳማ ከእንጨት ትንሽ ቃጭል ጠረበላት። ዳማ ስትራመድ ቃጭሉ «ኳ! ኳ! ኳ!» ይላል።

ዳማ ስትሮጥማ «ኳኳኳኳኳ!» ይላል።

ሃዋ ሰው ፊት አትናገርም ነበር። እንግዳ ሲመጣ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ትደበቃለች። አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል።

«ይቺ ልጅ ምላሷን የት አስቀምጣው ነው?» ትላለች አክስቷ ኤሻ። ከዚያ ትስቃለች። ኤሻ ስትስቅ ፍየሎቹ ይበረግጋሉ።

እነ ሃዋ አገር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይላሉ።

«ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ?» ይባባላሉ። ይህ ዳጉ ይባላል።

ዳጉ ላይ አይዋሽም። ዳጉ ላይ ያዩት ነገር አይደበቅም። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል።

ሃዋ መስማት ትችላለች። ያቃታት መናገር ነው።

ከግራሩ ራቅ ብሎ አንድ የአሸዋ ኮረብታ ነበረ። ቢጫና ለስላሳ ነው። ጀርባው ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ ፊቱ ግን ቁልቁል ነው።

በግራና በቀኝ ሁለት ቀንዶች አሉት። ወፍ ሆናችሁ ከላይ ብታዩት፣ መሬት ላይ የተኛች ግማሽ ጨረቃ ትመስላችኋለች።

ኮረብታ የት ይሄዳል? የትም። ሃዋ እንደዚያ ነበር የምታስበው።

አንድ ቀን ዳማ ኮረብታው ፊት ለፊት አሸዋ ላይ ስትንከባለል የቃጭሏ ገመድ ተበጠሰ። ቃጭሉ ከኮረብታው እግር ሥር ወደቀ።

ሃዋ ቃጭሉን እዚያው ትታ ቤት ገባችና «ገመዱ ተበጠሰ» አለች። እናቷ አዲስ ገመድ ትገምድ ጀመር። ገመዱ ሳያልቅ ግን ፀሐይ ጠለቀች።

ያን ሌሊት ነፋስ ሲነፍስ አደረ። ፉፉፉፉ!

ጠዋት ሃዋ አዲሱን ገመድ ይዛ እየሮጠች ሄደች። ቃጭሉ የለም!

ቃጭሉ የወደቀበት ቦታ ላይ አሁን ኮረብታው ቆሟል። ዋጠው!

ሃዋ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ጉንጮቿ ተነፉ። አፍንጫዋ ቀላ።

«አንተ ሌባ! ቃጭሉ የዳማ ነው! ልክ አይደለም! ልክ አይደለም! በፍጹም ልክ አይደለም!»

ሰው ፊት እምቢ የሚለው ድምፅ አሸዋ ፊት እንደ ነጎድጓድ ወጣ። ዳማ ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸች።

ኮረብታው ምንም አላለም። ከአናቱ ላይ ትንሽ አሸዋ ብቻ ተንሸራተተ። ሽርርር!

ሃዋ የሳቀባት መሰላት። እስኪ ፍረዱ! ሰው ሰርቆ ይስቃል?

ሃዋ በእጇ ቆፈረች። ጫር፣ ጫር፣ ጫር! አሸዋው ከላይ መጣና ጉድጓዱን ሞላው። ሽርርር!

እንደገና ቆፈረች። ጫር፣ ጫር፣ ጫር! አሸዋውም እንደገና… ሽርርር!

«ልክ አይደለም! ልክ አይደለም! በፍጹም ልክ አይደለም!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሃዋ ኮረብታውን በዓይኗ ትጠብቀው ጀመር። ሌባን ማን አምኖ ይተወዋል?

በኮረብታውና በግራሩ መሃል አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። ኮረብታው መጀመሪያ ከድንጋዩ ወዲያ ነበረ።

ሰነበተና ኮረብታው ድንጋዩ ጋ ደረሰ። ሰነበተና ድንጋዩ ጠፋ።

ኮረብታው ይሄዳል! ደግሞ የሚመጣው ወደ ግራሩ ነው!

ሃዋ እየሮጠች ሄዳ እናቷ ጆሮ ላይ ተናገረች። «እማ፣ ኮረብታው እየመጣ ነው። ግራራችንን ሊውጥ ነው።»

«አይቻለሁ፣ ልጄ» አለች እናቷ። «ሲደርስብን ቤታችንን ፈትተን፣ ግመል ላይ ጭነን እንሄዳለን። ቤታችንን ከሰሌን የምንሠራው ለዚህ አይደል?»

«ግራሩስ?»

እናቷ ወደ ዛፉ ቀና ብላ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ «ግራር አይጫንም» አለች።

ሃዋ ብድግ አለች። «ግን እኛ ነን ቀድመን የነበርነው! እሱ ስለመጣ እኛ ለምን እንሄዳለን? ልክ አይደለም!»

እሷ አሸዋ አልሰረቀች። የማንንም ድንጋይ አልዋጠች። ታዲያ እሷ ናት ቤቷን ለቃ የምትሄደው? እስኪ ፍረዱ!

ሃዋ መጥረጊያ አነሳች። ከግራሩ ሥር ያለውን አሸዋ ጠረገች። ሸር፣ ሸር፣ ሸር!

ነፋሱ መጣ። ፉፉፉፉ! የጠረገችውን አሸዋ መልሶ አመጣው። ግማሹን ደግሞ አፏ ውስጥ ጨመረው።

አክስቷ ኤሻ አየቻት። «ኧረ ሃዋ በረሃ እየጠረገች ነው! ስትጨርሺ ሰማዩንም ጥረጊልን!» አለች። ከዚያ ሳቀች። ፍየሎቹ በረገጉ።

ሃዋ መጥረጊያውን ወረወረችው። ከዚያ ተቀመጠችና አሰበች።

ጅብ ፍየሎቹን እንዳይበላ ምንድን ነው የሚከለክለው? የእሾህ አጥር! እንግዲያው ኮረብታንም ይከለክላል።

ሃዋ የእሾህ ቅርንጫፍ ጎተተች። አንድ፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ጣቷን ወጋት፣ ቀሚሷን ቀደደባት። ግን ግራሩን አጠረችው።

«እስኪ አሁን ና! እግርህን ነው የሚወጋህ!» ብላ ኮረብታው ላይ ጮኸች።

ያን ሌሊት ነፋስ ሲነፍስ አደረ። ፉፉፉፉ!

ጠዋት ሃዋ ከቤት ወጣች። ዓይኗን አሸች። እንደገና አሸች።

አጥሩ ግማሹ ተቀብሯል! ከአጥሩ ጀርባ ደግሞ፣ ልክ ግራሩ ሥር፣ አዲስ ትንሽ ኮረብታ ተቀምጧል!

ትልቁ ኮረብታ ገና አልደረሰም። ታዲያ ይሄን ትንሹን ማን አመጣው?

ኤሻ ወጥታ አየች። «ወላሂ ልጅቷ ኮረብታ ወለደች! ስሙን ማን እንበለው?»

ሃዋ አለቀሰች። አዝና እንዳይመስላችሁ። ተናዳ ነው! እንባዋም ትኩስ ነበር።

አባቷ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። «ምን ሆንሽ?»

«ኮረብታው ሌባ ነው። ክፉ ነው። ብነግረው፣ ብነግረው አይሰማም።»

«እሱስ ምን አለሽ?»

«ምንም!»

«ዳጉ ጠይቀሽዋል?»

ሃዋ አሸዋውን በጣቷ ጫረች።

«ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው» አለ አባቷ። «ከየት መጣህ አላልሽው። ምን አየህ አላልሽው። ገና ስታገኚው ሌባ አልሽው። የእኛ ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

«እሱም ቃጭሉን ሲወስድ አልጠየቀኝም!»

አባቷ ሳቀ። «እሱስ እውነትሽን ነው። ግን ከሁለታችሁ አንዳችሁ መጀመር አለባችሁ። እሱ ደግሞ የሚጀምር አይመስልም።»

ሃዋ እግሯን እየጎተተች ሄደች። ለሌባ ዳጉ! ለቃጭል ዋጭ ዳጉ! ልክ ነው? ልክ አይደለም!

ግን ሄደች። ከኮረብታው ጎን፣ ጀርባውም ፊቱም በሚታይበት ቦታ፣ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«ከየት መጣህ?» አለች ተኮሳትራ። «ምን አየህ? ምን ሰማህ? ቶሎ በል!»

ከዚያ ዝም አለች። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ መስማት አለበት። ሕጉ ነው።

ነፋሱ መጣ። ፉፉፉፉ!

አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ዘለለች። ዘለል!

ስታርፍ ሌላዋን ገፋቻት። እሷም ዘለለች። ዘለል! ዘለል! ዘለል!

ቅንጣቶቹ በኮረብታው ጀርባ ላይ እየዘለሉ ወጡ። አናቱ ላይ ደረሱና ጫፉ ላይ ተከመሩ። ተከመሩ… ተከመሩ…

ሽርርርር! በኮረብታው ፊት ተንሸራትተው ወረዱ።

በጀርባው፦ ዘለል፣ ዘለል፣ ዘለል! በፊቱ፦ ሽርርር!

በጀርባው፦ ዘለል፣ ዘለል፣ ዘለል! በፊቱ፦ ሽርርር!

ሃዋ ያጣጠፈችውን እጇን ፈታች። አንገቷን አሰገገች። ኮረብታው ወሬውን እያወራላት ነው!

ለካ ኮረብታው እግር የለውም። አሸዋው ከጀርባው ተነስቶ ፊቱ ላይ ይወርዳል። ከኋላ ትንሽ ይቀንሳል፣ ከፊት ትንሽ ይጨምራል። እንደዚያ ነው የሚሄደው!

«ቆይ» አለች ሃዋ። «ታዲያ አንተ አይደለህማ የምትሄደው። የሚወስድህ ነፋሱ ነው!»

ሽርርር! አለ ኮረብታው።

ሃዋ ብድግ አለች። አሁን ደግሞ ነፋሱ ላይ ተናደደች። «እንግዲያው ሌባው እሱ ነው! የት ነው ያለው?»

ነፋሱ ወደሚመጣበት ሄደች። ፊቷን እየመታት፣ ሻሿን እየጎተተባት ሄደች።

አንድ ቁጥቋጦ አገኘች። ከቁጥቋጦው ጀርባ፣ እንደ ጭራ የቀጠነ ትንሽ የአሸዋ ክምር አለ።

የድሮ የግመል አጥንት አገኘች። ከአጥንቱም ጀርባ ትንሽ የአሸዋ ክምር አለ።

አንድ ድንጋይ አገኘች። ከድንጋዩስ ጀርባ? እናንተ ንገሩኝ! አዎ፣ ትንሽ የአሸዋ ክምር!

ሃዋ እንጨት ለቅማ ስትመለስ ሸክሙ ይከብዳታል። ማረፊያ ስታገኝ ሸክሟን እዚያው ታወርዳለች። ነፋሱም እንደሷ ነው!

አሸዋ ተሸክሞ ይሮጣል። ከፊቱ የሚቆም ነገር ሲያገኝ ይደክመዋል። ሸክሙን እዚያው ያወርዳል።

አሸዋው ትንሽ ይከመራል። ትንሹ ክምር ደግሞ ራሱ ነፋሱን ያስቆማል። ሌላ አሸዋ ይወርዳል። ሌላም። ሌላም። ኮረብታ የሚያድገው እንደዚህ ነው።

ስለዚህ ኮረብታም ሕፃን ሆኖ ይጀምራል! ከቁጥቋጦ ጀርባ። ከአጥንት ጀርባ። ከእሾህ…

ሃዋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከእሾህ አጥር ጀርባ!

«ሸክምህን ግራራችን ሥር አውርድ ያልኩት እኔው ነኝ!» ብላ ጮኸች። «ልክ አይደለም! አጥሩ እዚያ መሆን አልነበረበትም!»

አጥሩ መሆን የነበረበት እዚህ ነው! ከኮረብታው ኋላ፣ ከሩቅ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል!

ነፋሱ አሸዋውን እዚህ ቢያወርድ፣ ግራሩ ጋ የሚደርሰው ባዶ እጁን ነው።

ግን ለእንዲህ ያለ አጥር ብዙ እሾህ ያስፈልጋል። ብዙ እጅም ያስፈልጋል። ለብዙ እጅ ደግሞ መናገር ያስፈልጋል።

ሃዋ ቀስ እያለች ወደ ቤት ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ እንግዳ መጣ። ግመል እየጎተቱ ከሩቅ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸው ሎይታ ነው።

ሁሉም ግራሩ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ዳጉ ተጀመረ። ሃዋ የት ገባች? ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ! አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል።

«ዝናብ የጣለበት ቦታ አለ» አሉ ሽማግሌው ሎይታ። «ሣር በቅሏል። መንገዱ ግን ሩቅ ነው።»

«እንግዲያው ነገ ቤቱን እንፈታለን» አለ የሃዋ አባት። «ኮረብታው ደርሶብናል። ትንሽ ልጅም ወልዷል።»

ነገ! የሃዋ ልብ መታ። ድም፣ ድም፣ ድም!

ሽማግሌው ዙሪያውን አዩ። «ሌላ ነገር ያየ አለ? የሰማስ አለ?»

ከቀሚሱ ጀርባ ብቻ አንድ ትንሽ ድምፅ መጣ። «እ… እ… እ…»

«ማን ናት?» አለች ኤሻ። «ፍየሏ ናት?»

ፍየሏ! የሃዋ ጉንጮች ተነፉ። አፍንጫዋ ቀላ። ሁለት እጇ ወገቧ ላይ ወጣ። ከቀሚሱ ጀርባ ዘላ ወጣች።

«ፍየል አይደለሁም! ልክ አይደለም! እኔ… እኔ ዳጉ አለኝ!»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ፍየሎቹም ዞሩ።

ኤሻ ልትስቅ አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ሎይታ ግን እጃቸውን አነሱ። «ዳጉ አለኝ ብላለች። ሰው ሲናገር ይሰማል። ተናገሪ፣ ልጄ። ከየት መጣሽ?»

«ከ… ከኮረብታው» አለች ሃዋ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

«ምን አየሽ?»

«አሸዋ ሲዘል አየሁ።»

«ምን ሰማሽ?»

«ሽርርር ሲል ሰማሁ።»

ሃዋ አንዷን ጫማዋን አውልቃ መሬት ላይ አቆመች። አሸዋ ዘግና ከጫማው ፊት አፈሰሰች። ከዚያ ተንበርክካ ነፋች። ፉፉፉፉ!

አሸዋው ሮጠ። ከጫማው ጀርባ ቆመና ተከመረ። ትንሽዬ ኮረብታ!

«ነፋሱ ሸክሙን የሚያወርደው የሚያስቆመው ነገር ሲያገኝ ነው» አለች ሃዋ። አሁን ድምጿ አይንቀጠቀጥም። «እኔ አጥሩን ግራሩ ሥር ሠራሁ። ስለዚህ አሸዋውን እዚያ አወረደው። አጥሩ ከኮረብታው ኋላ፣ ከሩቅ ቢሆን ግን፣ አሸዋውን እዚያ ያወርደዋል።»

ከዚያ ትንፋሿን ሳበች። «ደግሞ እኛ ነን ቀድመን የነበርነው! ግራሩም አይጫንም! ስለዚህ መሄድ ልክ አይደለም!»

ሽማግሌው ሎይታ ጫማውን አዩ። አሸዋውን አዩ። «ይህን ወሬ ይዤ እሄዳለሁ» አሉ። «ማን ነገረህ ሲሉኝ፣ ራሷ ያየችው ሃዋ ናት እላለሁ።»

አባቷ ተነሳ። «ነገ ቤት አንፈታም» አለ። «ነገ እሾህ እንጎትታለን።»

«ጣቴ ሊወጋ ነው!» አለች ኤሻ። «ልክ አይደለም! ልክ አይደለም! በፍጹም ልክ አይደለም!» አሁን ግን የሳቀችው ከሃዋ ጋር ነው።

በማግስቱ ሁሉም እሾህ ጎተተ። እናቷ ጎተተች። አባቷ ጎተተ። ዳማም አንዲት ቅርንጫፍ ጎተተች፣ መሃል መንገድ ላይ ግን ቅጠሉን በላችው።

የግራሩን አጥር አፈረሱ። ከሩቅ፣ ከኮረብታው ኋላ፣ ረጅም አጥር ሠሩ።

ያን ሌሊት ነፋስ ሲነፍስ አደረ። ፉፉፉፉ!

ጠዋት ሲያዩ አሸዋው ሩቁ አጥር ጋ ተከምሯል። ነፋሱ ሸክሙን አውርዷል!

አጥሩ ሲቀበር ሌላ እሾህ ከላይ ይጨምራሉ። እንደገና ሲቀበር እንደገና ይጨምራሉ።

ታዲያ ትልቁ ኮረብታ ቆመ? አልቆመም! ያን ሁሉ እሾህ ጎትተን! እስኪ ፍረዱ!

ግን ከኋላው አዲስ አሸዋ አይደርሰውም። ስለዚህ ቀስ በቀስ አነሰ። አጠረ። ቀጠነ።

ግራሩ ጋ ሲደርስ ቁርጭምጭሚቱን ሸፈነው። ከዚያ ጉልበቱን። ሃዋ በየቀኑ እየሄደች «በቃህ! እዚህ ላይ በቃህ!» ትለዋለች።

ወገቡ ላይ ሲደርስ በቃው። ቅጠሎቹ ከአሸዋው በላይ ቀሩ።

ፍየሎቹ ተደሰቱ! አሸዋው ላይ ቆመው፣ ድሮ የማይደርሱበትን የላይኛውን ቅጠል በሉ። «ውረዱ! ልክ አይደለም!» አለቻቸው ሃዋ።

እናቷም ቤቱን ትንሽ ወደ ጎን አዛወረችው። ቤቱ ከሰሌን አይደል?

ዝናብ መጣ፣ ሄደ። የሃዋ የፊት ጥርሶች ወለቁ። አዲስ ጥርሶች በቀሉ። ዳማም ረዘመች።

በጀርባው፦ ዘለል፣ ዘለል፣ ዘለል! በፊቱ፦ ሽርርር!

አንድ ቀን ሃዋ ከኮረብታው ኋላ ስትሄድ አንድ ነገር እግሯን መታት። ኳ!

ጎንበስ ብላ አነሳችው። አሸዋውን አራገፈችው። ኳ! ኳ! ኳ!

የዳማ ቃጭል! ኮረብታው በፊቱ የዋጠውን በጀርባው መልሶ አወጣው!

«እማ! አባ! ኤሻ! መለሰልኝ! ኮረብታው መለሰልኝ!» ሜዳው በሙሉ የሃዋን ድምፅ ሰማ።

ሃዋ ቃጭሉን ለዳማ ልታስርላት ሞከረች። ግን የዳማ አንገት ወፍሯል! ገመዱ አልደረሰም።

ሃዋ ወደ ኮረብታው ዞረች። «ሌባ አይደለህም» አለችው። «ግን ሳትጠይቀኝ መውሰድህ አሁንም ልክ አይደለም!»

ሽርርር! አለ ኮረብታው።

ቆይቶ ኮረብታው ግራሩን አለፈ። መጀመሪያ የግራሩ ወገብ ወጣ። ከዚያ ጉልበቱ። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ። ግራሩ እንደ ድሮው ቆሟል።

ኮረብታው ግን ራቀ። ወደ ሌላ ሜዳ፣ ወደ ሌሎች ልጆች።

ሃዋ ቆማ አየችው። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አሁን ደግሞ ትተኸኝ ልትሄድ ነው? ልክ አይደለም…» አለች። ድምጿ ግን ትንሽ ነበር።

ሲመሽ እናቷ ሰሌን ላይ አስተኛቻት። ከግራሩ ሥር ፍየሎቹ ያመሰኳሉ። ከሩቅ ነፋሱ ቀስ ብሎ ይነፍሳል። ፉፉፉ…

«ዛሬ ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?» አለቻት እናቷ። ሃዋ ሁሉንም ነገረቻት። አንድ ነገር ብቻ ቀረ።

አሁን «ሃዋ» ማለቴን ልተው። ልጁ ተኝቶ ከሆነ ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፤ ካልተኛም ይስማ።

እናቴ እስከዛሬ «ያ ቃጭል የት ጠፋ?» ትላለች። ኤሻም ቤቱን ሁሉ ፈልጋለች። እኔ ዝም እላለሁ። ዳጉ ላይ አይደበቅም፤ እኔ ግን ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

ኮረብታው የሚሄድ ቀን ከፊቱ ሄጄ ተቀመጥኩ። «ከየት መጣህ» አላልኩትም፤ አውቃለኋ። የቤታችንን ወሬ ሁሉ ነገርኩት፤ ስለ ጥርሴ፣ ስለ ዳማ አንገት፣ እንዴት እንደሚናፍቀኝ።

ከዚያ ቃጭሉን ከእግሩ ሥር አስቀመጥኩለት። ሽርርር ብሎ ሲሸፍነው ቆሜ አየሁ።

የሆነ ቀን፣ የሆነ ቦታ፣ ኮረብታ ላይ የምትጮህ አንዲት ልጅ ከጀርባው ታገኘዋለች። ኳ! ኳ!

ጠፍቶብኝ አይደለም። ሰጥቼው ነው።